የዘይኑ ነጭ ጨርቅ

ዘይኑ መኪና ሊፈታ ሲል መጀመሪያ ጨርቅ ያነጥፋል። ሁለት ክንድ የምትሆን ነጭ አቡጀዴ ናት። ከሞተሩ የሚወጣው ሁሉ፣ ብሎን ይሁን ያረጀ ጎማ ወይም የቤንዚን ዝቃጭ፣ በወጣበት ተራ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ባለመኪናው ሲመጣ ዘይኑ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ እየነካ ያስረዳዋል፤ ይቺ ይህን ትሠራለች፣ ይቺ እዚህ ጋ ተበልታለች፣ ይህ ቆሻሻ ከዚህች ቀዳዳ ወጣ ይለዋል። ሰውዬው አይቶ ሳይጨርስ አንዲት ብሎን አትነሳም። ኋላ ላይ በጨርቁ ጥግ ጣት የምታህል ጥቁር መስመር ነበረች፤ በሳሙናም አልለቀቀች። ስለ እሷ ሲጠይቁት ዘይኑ ጨርቁን ያጥፋል።

ድሬዳዋ ሲሠራ ጨርቅ አያነጥፍም ነበር። እዚያ አባቱንም አጎቱንም የሚያውቅ ሰው መኪናውን ትቶለት ይሄዳል። ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ሲመጣ ግን እንግዳ ሆነ። ከተማዋ ገና ከጦርነቱ ፍርስራሽ እየተነሳች ነበር፤ ግማሽ ግድግዳ ላይ አዲስ ብሎኬት ይደረደራል፣ የመኪና ዕቃ እንደ መድኃኒት ይፈለጋል። መካኒክ ጥሩውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌውን ይከታል የሚል ሐሜት በየጋራዡ ይዞር ነበር። በመጣ በሁለተኛው ወር አንድ ሾፌር በሰው ፊት ሌባ አለው። ዘይኑ በማግስቱ አቡጀዴውን ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌባ ያለው የለም፤ ሾፌሮቹ ግን ጨርቁን ሲያነጥፍ ባዩ ቁጥር "ዘይኑ ሱቁን ከፈተ፣ ኑ ገበያ ውጡ" ይሉት ነበር።

እኔ ሙጂብ እባላለሁ። ጁን 26 በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር፣ ከዘይኑ ጋራዥ ጋር አንድ የቆርቆሮ አጥር ተጋርቼ የመኪና ወንበር እሰፋ ነበር። ስለ እሱ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ቢገኝ ደስ ባለኝ፤ ግን አሁን በምነግራችሁ ሥራ ላይ አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዘይኑ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ኮፋኖ ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል። ቆማ ነው የምትጠፋው ወይስ ስትሄድ? ሲሞቃት ነው ሲበርዳት? ነዳጅ መስጫውን ስትረግጠው ታስላለች ወይስ ዝም ብላ ትሞታለች? ግማሹ በሽታ ያለው ባለቤቱ አፍ ውስጥ ነው ይል ነበር። መልሱን ከሰማ በኋላ ግራ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። በተለይ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚደባለቅበት ዕቃ፣ የሱ ሙያ ነበር። ከዱባይ የሚገቡት አዳዲሶቹ መኪኖች ካርቡሬተር ስለሌላቸው አይወዳቸውም።

ዓናብ ወደ ጋራዡ የመጣችው በ1991 ጥር፣ ከዒድ አልፊጥር በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። ሃምሳን ያለፈች ረጅም ሴት ናት። ጅግጅጋ አድጋ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ የጠራ ነበር። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል ሰፈር ባለው ግቢዋ ውስጥ አንዲት ፔጆ 404 እንዳለች፣ አሥር ዓመት ተኩል እንዳልተነሳች ነገረችው። ዘይኑ ድሬዳዋ ያደገው በ404 ታክሲዎች ሥር ተጋድሞ ነውና ፊቱ በራ። እንደ አገሩ ልማድ ኤዶ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ብሎ ጠርቷት፣ በአላህ ፈቃድ አስነሳልዎታለሁ እንዳይላት ተጠንቅቆ እናያታለን አላት።

"እንድትሄድልኝ አይደለም የምፈልገው" አለችው። "ያን ቀን ለምን እንደቆመች እንድታውቅልኝ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓናብ በዚያ ዓመት ሐጅ ልትሄድ ተመዝግባ ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት እየዞረ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ማለት ነው፣ ይላል፤ እሱም የበደሉትን አውፍ ይላል። ቂም ይዞ ካዕባ ፊት መቆም ያስፈራል። ዓናብ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ በስደት የተጣላቻቸውን ሳይቀር ጨርሳ አንድ ሰው ቀርቷት ነበር፤ ባሏ ሂርሲ። ሂርሲ ደግሞ ሞቷል። እህቱ ፈርዶውሳ ከዓናብ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች፤ ጠዋት ማታ፣ ወንድሜን አውፍ ሳትዪ ከዚህ በር አትወጪም ትላታለች። ዓናብ በምላሷ ብትለው ይቀላት ነበር። ልቧ እንደማይከተላት ስለምታውቅ እምቢ አለች።

በማግስቱ ዘይኑ መሣሪያውን፣ እኔ መለኪያዬን ይዘን ሄድን። ወንበሮቹን ፍየል በልቷቸው ስለነበር እኔም አስፈልግ ነበር። መኪናዋ ጎማዎቿን አጥታ በድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ላይዋ በድንኳን ሸራ ተሸፍኗል። ፈርዶውሳ ከጥላው ሥር ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። አማርኛ አታውቅም፤ በሶማልኛ፣ ይቺን የፍየል ቤት ሊያናግሯት መጡ ብላ ሳቀችብን።

ዘይኑ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየቀዳዳው ዘይት ጨመረና አምስት ቀን ተዋት። በስድስተኛው ቀን ሞተሩ በእጅ ሲያዞሩት እሺ አለ። ከዚያ ከእግር መርገጫው ጀመረ። መርገጫው ዝጎ ወለሉ ላይ ተጣብቋል። ከእሱ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ዘንግ አላቀቀው። ዘንጉን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ተሰብሮ ሂርሲ በምትኩ የካላማዳሪ ቁራጭ አስሮበት ነበር፤ ጎማው ደርቆ ሲነካ ተፈረፈረ። አየር የምታስገባው ክብ ክዳን፣ መካኒኮች ቢራቢሮ የሚሏት፣ ግማሽ ተከፍታ ቀርታለች። ሁሉንም በተራው ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። ከቤንዚን ፓምፑ እስከ ካርቡሬተሩ ያለው ጎማ አንድ ወጥ መሆኑንም አየ። መሐሉ ላይ የመስታወት ማጣሪያ መኖር ነበረበት። ዓናብ፣ ሲያንጠባጥብበት ሂርሲ ራሱ አውልቆ ጣለው አለችው።

ከዚያ እንደ ልማዱ ጠየቃት። እሷም በርጩማ ላይ ተቀምጣ አወራችለት። ፈርዶውሳ እንዳትሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ።

ሂርሲ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበር። መኪናዋን ከጅቡቲ አመጣት። በየሐሙሱ ከሰዓት ያጥባታል፣ ልጅ በጫማ እንዳይገባ ይቆጣል። ጎረቤት ዓናብን፣ ሁለተኛ ሚስት አገባብሽ እያለ ያሾፍባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር። ከዚያ የገዛ መንግሥታቸው አውሮፕላኖች ከተማዋን የደበደቡበት ወር መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በእግሩ ሲወጣ ሂርሲ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ ተነሳ። ፈርዶውሳ ያኔ ጅቡቲ ነበረች።

"ቤንዚን ከየት አገኘ?" አለ ዘይኑ።

ጎረቤታቸው የራሱን መኪና ጥሎ ሲሄድ ከታንከሩ እንዲወስድ ፈቀደለት። መምጠጫ ጎማ ነበረው፤ መያዣ ግን አጣ። ዓናብ ለልጆቹ መንገድ ወተት ልትይዝበት አንድ የብረት ጀሪካን አጥባ፣ በወይራ አጥና አስቀምጣ ነበር። "ንጹሕ ነው፣ በዚህ አድርገው ብዬ በእጄ ሰጠሁት" አለች። ይህን ያለችው እንደ ቀላል ነገር ነው። ዘይኑም እንደ ቀላል ነገር ሰምቶ አለፈው።

ከከተማው ግማሽ ሰዓት እንደወጡ መኪናዋ ቆመች። ሂርሲ ያስነሳታል፤ ትነሳለች። ቆማ ትሠራለች። ነዳጅ ሲሰጣት ትታነቃለች፣ ትጠፋለች። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። በእግር የሚሄደው ሕዝብ እያለፋቸው ነበር። ከኋላ ወታደር አለ ይባላል። ሂርሲ ሚስቱንና ልጆቹን አወረዳቸው። ከሰዎቹ ጋር ሂዱ፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት እደርስባችኋለሁ አለ።

"ስንሄድ ሞተሩ ይሠራ ነበር፣ ዘይኑ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ልጆቹ እንኳ አባታችን መጣ ብለው ዞረዋል። እየሠራች ነበር።" ወደ መኪናዋ ዞረች። "መኪናዋን ጥሎ መሄድ አቃተው። እኛን ጥሎ መቅረት ግን አላቃተውም።"

ወታደሮቹ ከሰዓት በኋላ ደረሱበት። የአካባቢው እረኞች እዚያው መንገድ ዳር ቀበሩት፤ መኪናዋን በእሾህ ቅርንጫፍ ሸፈኗት። ዓናብ ይህን የሰማችው በስደተኞች ሰፈር ሆና ከአራት ወር በኋላ ነው። ወደ ከተማዋ ስትመለስ መኪናዋን በጭነት መኪና አስጎትታ አስመጣች። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲነካት አልፈቀደችም።

የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ተሰማ። ዓናብ ልትሰግድ ገባች፤ ፈርዶውሳም ተከተለቻት። ዘይኑ ኋላ እሰግዳለሁ ብሎ ካርቡሬተሩ ላይ አጎነበሰ።

ክዳኑ የሚታሰረው በአምስት ብሎን ነው። ሦስቱ የሉም። የአራተኛው ራስ ተልጧል፤ ካቻቢቴ ሳይሆን ሌላ ነገር፣ ቢላ ወይም ሳንቲም የታገለው ይመስላል። ዘይኑ ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ቆየ። "ሌባ ቢሆን አምስቱንም ይፈታ ነበር" አለኝ።

ክዳኑን ሲያነሳ ውስጡ የደረቀ ቤንዚን እንደ ማር ተጋግሯል። ከሥሩ ግን ጥቁር ደቃቅ ነገር ነበር፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ። ዘይኑ ጂግለሯን ፈታት። ጂግለር ቤንዚን በልክ የምታሳልፍ፣ መሐሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት። ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ በቀዳዳዋ አየ። ብርሃኑ ሙሉ አልነበረም፤ አንዲት ጥቁር ፍሬ ተሰንቅራ ቀጭን ጨረቃ የምታህል ክፍተት ብቻ ትታለች። በመጥረጊያ ጭራ ገፍቶ መዳፉ ላይ አወጣት። በአውራ ጣቱ ሲፈገፍጋት ጥቁር ቀለም ለቀቀች።

"ከሰል ነው" አለ።

ቤንዚን ውስጥ ከሰል ምን ይሠራል ልለው ስል ፊቱን አየሁ። እናቱ ድሬዳዋ ሳይገቡ በፊት ከባቢሌ ወተት እያመጣች ሐረር የምትሸጥ ነበረች። ቅሏን ስታጥን የወይራ ፍም ከታ ታናውጠዋለች፣ ከዚያ ትደፋዋለች። ሁሉም አይወጣም። በውኃ አይለቀለቅም፣ ሽታው ይሄዳላ። ልጅ ሆነው ወተት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካላዩ፣ ዛሬ አላጠንሽም ብለው ያኮርፉ እንደነበር ቀስ ብሎ ነገረኝ። ያኔ የዓናብ ጀሪካን ትዝ አለኝ።

ፍሬዋንና ደቃቁን ሰብስቦ በሲጋራ ወረቀት ጠቀለለና ኪሱ ከተተ። ሳውቀው ከሞተር የወጣ ነገር ጨርቁ ላይ ሳያስቀምጥ ሲቀር የመጀመሪያው ነው።

ዓናብ ተመልሳ ከጨርቁ ፊት ቁጢጥ አለች። የደረቀውን ጎማ፣ ዘንጉን፣ የታጠበችውን ጂግለር አየች። የዘይኑን ልማድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ሰምታ ነው ወደ እሱ የመጣችው። ቆሻሻው የት አለ አለችው።

"የለም፣ ኤዶ። ደርቃ ነው እንጂ ውስጧ ንጹሕ ናት።"

"ንጹሕ ናት" አለች እሷም። ቀስ ብላ ተነሳች። ወደ ፈርዶውሳ ዞራ በሶማልኛ፣ መኪናዋ ምንም አልነበረባትም፣ እሱም አየው አለቻት። ፈርዶውሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዓናብ ዘይኑን በትሕትና አመሰገነችው። ሐጁን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፈዋለሁ፣ እንዲህ ሆኜ መሄድ አይሆንልኝም አለች። ዘይኑ ምን እንዳደረገ የገባው ያን ጊዜ ነው። እሷን ያተረፈ መስሎት ሂርሲን ከሰሰው።

ሁለት ቀን ጋራዡ መጥቶ ምንም ሳይሠራ ዋለ። ወረቀቷ ኪሱ ውስጥ ነበረች። እኔ፣ ተወው አልኩት። የሞተ ሰው አይከፋውም፣ እሷ ግን በሕይወት አለች፣ ከምታውቀው ባታውቀው ይሻላታል አልኩት። ያኔ ብልህ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባትም ልክ ነበርኩ።

"የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ሙጂብ" አለኝ። "ሂርሲ ካቻቢቴ ቢኖረው አሥር ደቂቃ። በሳንቲም ሦስቱን ፈትቶ አራተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ሳያጠፋ ሌባ የተባለ ሰው ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ። እሱ መልስ የሚሰጥበት አፍ የለውም።"

በሦስተኛው ቀን ተመለስን። ዘይኑ ታንከሩ ዝጓልና የቤንዚን ጠርሙስ ከኮፋኖው ላይ አንጠልጥሎ በቀጭን ጎማ አገናኘ። ባትሪ አሠረ። ጂግለሯን ሲመልሳት ጀርባውን ለሴቶቹ ሰጥቶ ፍሬዋን በመርፌ ጫፍ ወደ ነበረችበት አስገባት። አየሁት። ከዚያ ዓናብን ጠርቶ ዓይኗን ጨፍና እንድታዳምጥ ለመናት።

መኪናዋ ብዙ አንገራግራ፣ ጭስ ተፍታ ተነሳች። ከዚያ ተረጋጋች። ዝቅ ባለ ድምፅ ቆማ ትሠራ ጀመር።

"ያን ቀን ሲሄዱ የሰሙት ይህን ነው?"

"ይህን ነው።" ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው።

"አሁን ልሄድ ነው እንበል።" መርገጫውን ተጫነ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንቆራጠጠ፣ ታነቀ፣ ጠፋ። እንደገና አስነሳት፤ ቆማ ሠራች። ረገጠ፤ ጠፋች። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስነሳት ዓናብ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ዘይኑ አጥፍቶ ወረደ። "ቆማ ለመተንፈስ ጠብታ ይበቃታል" አላት። "ሰው ጭና ለመሄድ ግን ጉርሻ ትፈልጋለች። ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር። እርስዎ የሰሙት የምትሄድ መኪና አይደለም። እሱም አልዋሸም።" የተላጠችውን ብሎን አሳያት፤ ሦስቱ የሌሉበትን ቀዳዳም በጣቱ እያስነካ።

ዓናብ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ የተቋጠረ መሐረብ ይዛ ነበር። እረኞቹ ከኪሱ ያገኘነው ብለው የሰጧት ነው። የመኪናው ቁልፍ፣ መቁጠሪያ፣ ጠርዟ የተበላ አንዲት ሽልንግ። ከእነሱ ጋር ሦስት ትንንሽ ብሎኖች። አሥር ዓመት ሙሉ፣ የሱ ነው ብላ እንጂ ምን እንደሆኑ ሳታውቅ አስቀምጣቸዋለች። ዘይኑ አንዷን ተቀብሎ ቀዳዳው ላይ አደረጋት። በጣቱ ብቻ ሲያዞራት ገባች።

ዓናብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እያለቀሰች ለፈርዶውሳ በሶማልኛ ነገረቻት፤ አልዋሸንም፣ ይፈታት ነበር አለቻት። ፈርዶውሳ ሁለት እጇን ዘርግታ አልሐምዱሊላህ አለች፣ ጎንበስ ብላም የዓናብን ራስ ሳመች። እዚያ ላይ ቢያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ዘይኑም እንደዚያው ይመስለኛል፤ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

"ምን ፍለጋ ነበር የሚፈታት?" አለች ዓናብ በአማርኛ። "ጉሮሮዋን የዘጋው ምንድን ነው?"

"ቆሻሻ ነው፣ ኤዶ።"

"ባለፈው ንጹሕ ናት አልከኝ።"

"ዋሽቼ ነው።"

አየችው። "ጨርቁን አንጥፍ" አለች።

ዘይኑ አነጠፈ። ጂግለሯን ፈትቶ ፍሬዋን አወጣና ከጥጉ አስቀመጣት፤ ወረቀቷንም ፈትቶ ደቃቁን አጠገቧ አፈሰሰ። ዓናብ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫነችው። ጣቷን ስትስበው ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። የዘይኑ እናት ያደረገችውን ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርግ የኖረች ሴት ናት፤ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

 ፈርዶውሳ ምንድን ነው እያለች ከኋላዋ ትጠይቃለች።

"ንጹሕ ነው ብዬ በእጄ ሰጠሁት" አለች ዓናብ።

ዘይኑ ቶሎ ብሎ ስለ ማጣሪያው አነሳ። ሂርሲ ራሱ ባያወልቀው ኖሮ ይህ ፍሬ እዚህ አይደርስም ነበር፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም አላት።

"ለሱ ጥፋት አትፈልግለት" አለችው። "አሥር ዓመት እኔ ስፈልግለት ኖሬያለሁ። ይበቃዋል።"

ለፈርዶውሳ ያን ቀን አልነገረቻትም። ሐሙስ መቃብሩ ጋ እንሄዳለን፣ እዚያ ትሰሚያለሽ አለቻት።

ዘይኑ እስከ ሐሙስ አራት ጎማ አሰረ፣ ታንከሩን አጠበ፣ አዲስ ማጣሪያ ገጠመ፣ በካላማዳሪው ፋንታ ደህና ሞላ አደረገ። ክዳኑን በሂርሲ ሦስት ብሎኖች አሰረው። እኔ ወንበሮቹን ቡናማ አለበስኳቸው። ጠዋት ተነሳን፤ ዘይኑ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ፈርዶውሳ ያን ቀን ጨዋታዋ በዝቶ ነበር። ወንድሟ አውፍ ሊባል ነው፤ ሽቶ ተቀብታለች፣ ለመንገድ ተምር ይዛለች። ይህ ሐበሻ ወንበሩን ለሙሽራ ነው እንዴ የሰፋው እያለች ታሾፍብኛለች። መኪናዋ ዳገቱን ሳታስል ወጣችው። ዓናብ መስኮቱን ይዛ ወደ ውጭ ታያለች።

መቃብሩ ከአንድ ግራር ሥር የተከመረ ድንጋይ ነው። ጫማቸውን አውልቀው ቀረቡ። እኔና ዘይኑ ራቅ ብለን ቆምን፤ ሞተሩን አጥፍቶት ስለነበር ግን ሁሉም ይሰማል። ፈርዶውሳ እጇን ለዱዓ ዘርግታ ጠበቀች። ዓናብ በሶማልኛ ነበር የተናገረችው።

"ሂርሲ፣ አውፍ ልልህ ነበር የምመጣው። አሁን አንተ አውፍ በለኝ።"

ከዚያ ነገረችው። ጀሪካኑን፣ ወይራውን፣ በውኃ አለመለቅለቋን፣ ንጹሕ ነው ማለቷን፤ አንድም ሳታስቀር፣ ዘይኑ ለባለመኪና እንደሚያስረዳው አንድ በአንድ። ከዚያም ልጆቹ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ እህቱ ፊት ስትለው የኖረችውን ሁሉ ነገረችው። የፈርዶውሳ እጆች ቀስ በቀስ ወረዱ።

"በእጅሽ?" አለች።

"በእጄ።"

ነፋስ ግራሩን ያንቀሳቅሰዋል። ዓናብ እዚያው ቆማ ጠበቀች። 

ፈርዶውሳ ጫማዋን አደረገች። ወደ መኪናዋ ስትመጣ ዘይኑ በሩን ከፈተላት። አላየችውም፤ አልፋው ወደ ከተማው የሚወስደውን መንገድ በእግሯ ያዘች። ዓናብ ተከተለቻት። በእኛ በኩል ስታልፍ ዘይኑ፣ ኤዶ ይግቡ፣ መንገዱ ሩቅ ነው አላት። ራሷን ነቀነቀች።

በአንደኛ ማርሽ ከኋላቸው ሄድን። ጸሐዩ ከፍ ብሏል። ፈርዶውሳ ከፊት፣ ዓናብ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ፤ ፈርዶውሳ አትጠብቃት፣ ዓናብ አትደርስባት። አንድ ጊዜ ዓናብ ድንጋይ አደናቅፏት ቆመች። ፈርዶውሳም ሳትዞር ቆመች። ዓናብ ስትራመድ እሷም ተራመደች። ዘይኑ ሊያልፋቸው አልፈለገም፣ ሊቀርም አልፈለገም። መርገጫውን በእግሩ ጣቶች ጫፍ ብቻ እየነካ ግራ ጆሮውን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሞተሩ አንድ ጊዜም አላሳለም። የኋላው ወንበር ላይ የፈርዶውሳ ተምር፣ እንደተቋጠረ፣ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላል።